ከተማሪዎች ማኅበር እስከ ሕግ ትምህርት ቤት፦ የአንባቢያን ጥያቄዎች

በዚህ እትም የመረጥናቸው ደብዳቤዎች ሁሉም ከአሜሪካ የመጡ ናቸው። ጸሐፊዎቹ በኮሌጃቸው የጥቁር ተማሪዎችን ወይም የኢትዮጵያውያን ተማሪዎችን ማኅበር የሚመሩ፣ ሕግ ለማጥናት ያሰቡ ወጣቶችና ወላጆቻቸው ናቸው። ስማቸውን ትተን ከተማቸውን ብቻ አስቀርተናል፤ ደብዳቤዎቹንም አሳጥረናል። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። በቅርቡ የጥቁር ተማሪዎች ማኅበራችን ፕሬዚዳንት ሆኜ ተመርጫለሁ። ጠበቃ ሆኜ በዘር መድልዎ ጉዳዮች ላይ መሥራት እፈልጋለሁ። ምን ላጥና? ከአሁኑስ ምን ልጀምር? (ከአትላንታ)

መልስ፦ አሜሪካ ውስጥ ሕግ ከመጀመሪያ ዲግሪ በኋላ ሦስት ዓመት የሚጠና ትምህርት ነው። ለመግባት ይህን ወይም ያንን አጥኚ የሚል መስፈርት የለም፤ ታሪክ ያጠናም፣ ሒሳብ ያጠናም፣ ነርሲንግ ያጠናም ይገባል። ስለዚህ ስሙ ለሕግ የቀረበ ዲፓርትመንት ከመፈለግ ይልቅ ብዙ የሚያስነብብሽን፣ ረጅም ጽሑፍ እያስጻፈ በደንብ የሚያርምልሽን ምረጪ። አንድ የስታቲስቲክስ ኮርስም ጨምሪበት። በቤት ኪራይ፣ በቅጥርና በትራፊክ ፍተሻ የሚነሱ የመድልዎ ክሶች ቁጥር ይዘው ነው የሚመጡት፤ ቁጥር ማንበብ የማይችል ጠበቃ የተቃራኒ ወገን ባለሙያ ምስክር ፊት ሲቆም ጥያቄ ያጥረዋል።

ውጤትሽን በሚመለከት ብዙዎች ዘግይተው የሚያውቁት ነገር አለ። የሕግ ትምህርት ቤት ማመልከቻዎችን የሚያስተናግደው ኤልሳክ የተባለው ድርጅት የራሱን ጂፒኤ ያሰላል። የመጀመሪያ ዲግሪሽን እስክትይዢ ድረስ በየትኛውም ኮሌጅ ለክሬዲት የወሰድሽውን ሁሉ ይቆጥራል፤ ሃይስኩል ሆነሽ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የወሰድሽውን ጭምር። አንድ ኮርስ ወድቀሽ ደግመሽ ብትወስጂና ዩኒቨርሲቲሽ አሮጌውን ውጤት ከስሌት ቢያወጣልሽ እንኳ፣ ሁለቱም ትራንስክሪፕቱ ላይ እስከታዩ ድረስ ኤልሳክ ሁለቱንም ይደምራል። የማኅበር መሪዎች ውጤት የሚያሽቆለቁለው አብዛኛውን ጊዜ በሥልጣናቸው የመጀመሪያ ሴሚስተር ነው። በዚያ ሴሚስተር ከ12 እስከ 13 ክሬዲት ብቻ ያዢ። አንድ ኮርስ እየከበደሽ ከመጣም የማቋረጫው ቀን ሳያልፍ ውጪ። ተራው የማቋረጫ ምልክት እንደ ኤፍ አይቆጠርም።

የመግቢያ ፈተናው ኤልሳት ይባላል፤ ውጤቱ ከ120 እስከ 180 ነው። ከኦገስት 2024 ወዲህ "የሎጂክ ጨዋታ" ይባል የነበረው ክፍል ቀርቷል። አሁን እያንዳንዳቸው 35 ደቂቃ የሚፈጁ አራት ክፍሎች አሉት፦ የሚቆጠሩ ሁለት የክርክር አመክንዮ ክፍሎች፣ የሚቆጠር አንድ የንባብ ክፍልና የማይቆጠር አንድ ክፍል። የትኛው እንደማይቆጠር ስለማይነገር ሁሉንም እኩል ሥሪ። የጽሑፍ ክፍሉ ለብቻው ይሰጣል። ከ2024 በፊት የታተመ የመለማመጃ መጽሐፍ በቅናሽ ብታገኚ አትግዢ፤ ከፊሉ ለማይመጣ ጥያቄ ነው። ሎውሀብ በተባለው የኤልሳክ ገጽ ላይ ነጻ አካውንት ከፍተሽ እውነተኛ የቆዩ ፈተናዎችን መሥራት ትችያለሽ። ተማሪዎች ውጤታቸው አልንቀሳቀስ የሚላቸው በየሳምንቱ ሙሉ ፈተና እየሠሩ የሳቱትን ስለማይመረምሩ ነው። አንድ ፈተና ከሠራሽ ሁለት ቀን ለምርመራ ስጪ፤ የሳትሽውን እያንዳንዱን ጥያቄ በደብተር ላይ "ለምን የተሳሳተው ሳበኝ? ትክክለኛውንስ ለምን ጣልኩት?" ብለሽ በራስሽ ቃል ጻፊ። ከአራት እስከ ስድስት ወር ይበቃል። ሦስተኛ ዓመትሽን እንደጨረስሽ ጁን ላይ ብትፈተኚ፣ ባይሳካልሽ ለኦገስት ወይም ለሴፕቴምበር ጊዜ ይተርፍሻል። ማመልከቻ የሚከፈተው ሴፕቴምበር አካባቢ ነው፤ አብዛኞቹ ትምህርት ቤቶች እየደረሰላቸው ስለሚወስኑ ኖቬምበር ላይ የገባ ማመልከቻ ፌብሩዋሪ ላይ ከገባው የተሻለ ቦታና የተሻለ ገንዘብ ያገኛል። ለፈተናውና ለማመልከቻው ክፍያ አቅም ከሌለሽ ኤልሳክ ነጻ የሚያደርግበት አሠራር አለው፤ ግን መጠየቅ ያለብሽ ከመመዝገብሽ በፊት ነው፤ አንዴ የከፈልሽውን አይመልስም።

ስለ ፕሬዚዳንትነትሽ ደግሞ አንድ ነገር እንጨምር። ለሕግ የሚያዘጋጅሽ በመድረክ ላይ የምታደርጊው ንግግር ሳይሆን ቃለ ጉባኤሽ ነው። ከዲኑ ጋር በተገናኛችሁ ቁጥር በዚያኑ ቀን "ዛሬ የተነጋገርነው ይህ ነው፤ እርስዎ ይህን ለማድረግ እስከዚህ ቀን ተስማምተዋል፤ ከተሳሳትኩ ያርሙኝ" የሚል አጭር ኢሜይል ላኪ። ቃል የተገባላችሁ ነገር በጋው አልፎ፣ ዲኑ ተቀይሮ፣ አንቺም ተመርቀሽ የሚቀረው በዚህ ብቻ ነው።

በ1951 ቨርጂኒያ ፋርምቪል ውስጥ የ16 ዓመቷ ተማሪ ባርባራ ጆንስ የትምህርት ቤቷን ተማሪዎች አድማ ስትመራ የጠየቀችው የተሻለ ሕንጻ ነበር፤ ሮበርት ሞተን ሃይስኩል በሬንጅ ወረቀት በተሸፈኑ ዳሶች ያስተምር ነበርና። ተማሪዎቹ ኤንዳብልኤሲፒ ለተባለው የጥቁሮች መብት ማኅበር ጠበቆች ደብዳቤ ጻፉ። ኦሊቨር ሂልና ስፖትስዉድ ሮቢንሰን ግን ጉዳዩን የምንይዘው የዘር መለያየቱን ራሱን የምትቃወሙ ከሆነና ወላጆቻችሁም ከፈረሙ ነው አሏቸው። ተስማሙ። ያ ክስ በ1954 በሕዝብ ትምህርት ቤቶች የዘር መለያየትን በሻረው፣ ብራውን ተብሎ በሚታወቀው ውሳኔ ውስጥ ከተጠቃለሉት ጉዳዮች አንዱ ሆነ። የመሪና የጠበቃ ሥራ የት ላይ እንደሚለያይና የት ላይ እንደሚገናኝ ከዚህ የተሻለ ማሳያ አናውቅም፤ አንቺ አሁን ያለሽው በባርባራ ጆንስ ቦታ ነው፣ ቀጥሎ የምትሄጂው ወደ ሂል ቦታ ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ናት። የተማሪዎች ሰልፍ ስትመራ ፖሊስ ይዟት በማግስቱ ተለቀቀች። አባቷ "የሕግ ነገር አበቃ፤ ፈቃድ አይሰጧትም" ይላል። እኔ እንኳ ምኞቴ ሕክምና ነበር። እውነት መንገዷ ተዘጋ? (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ ውድ እናት፣ አልተዘጋም። የባለቤትዎ ስጋት ግን ከመሬት የተነሣ አይደለምና በወጉ እንመልስ።

በየስቴቱ የጥብቅና ፈቃድ የሚሰጠው አካል ፈተናውን ያለፈውን ሰው ጠባይም ይመረምራል። በሰላማዊ ሰልፍ ላይ በቀላል ጥፋት አንዴ መያዝ ብዙውን ጊዜ ፈቃድ አያስከለክልም። የሚያስከለክለው መደበቅ ነው። የሕግ ትምህርት ቤት ማመልከቻው ብዙውን ጊዜ "ተይዘሽ ታውቂያለሽ?" ብሎ ይጠይቃል፤ ከሦስት ወይም ከአራት ዓመት በኋላ የጠበቆቹ አካል ያንኑ ይጠይቅና ሁለቱን መልሶች ጎን ለጎን ያስቀምጣል። እዚያ "አዎ"፣ እዚህ "አይደለም" ከሆነ ጉዳዩ ስለ ሰልፉ መሆኑ ይቀርና ስለ ሐቀኝነት ይሆናል፤ ይህ ደግሞ ከሰልፉ እጅግ የከበደ ነው።

አሁን ልጅዎ ማድረግ ያለባት ይህ ነው። ፖሊስ የሰጣትን ወረቀት ሁሉ ትያዝ። የቀጠሮ ቀን ካለ እንዳይታለፍ፤ ትንሽ የነበረውን ጉዳይ ትልቅ የሚያደርገው ባለመቅረብ የሚወጣ የመያዣ ትእዛዝ ነው። ክሱ ሲዘጋ ከፍርድ ቤቱ ጽሕፈት ቤት የውሳኔውን ማኅተም ያለበት ቅጂ ሁለት ታውጣ። ከዓመታት በኋላ መዝገቡ ቢጠፋ እንኳ ይህ ወረቀት ይመልስላታል። ከመዝገብ ቢሰረዝላትም ማመልከቻዎቹ ላይ "የተሰረዘም ቢሆን" የሚል ሐረግ መኖር አለመኖሩን ቃል በቃል ታንብብ፤ ስቴት ከስቴት ይለያያል። ዩኒቨርሲቲውም የዲሲፕሊን ክስ ከመሠረተ እርሱም ለብቻው ይጠየቃል። ማብራሪያው ከግማሽ ገጽ አይበልጥ፦ ቀኑ፣ ቦታው፣ ክሱ፣ ውሳኔው። ፖለቲካዊ ክርክሩ የዚህ ገጽ ጉዳይ አይደለም።

ልጅዎ ዜጋ ካልሆነች ግን መልሱ ይለወጣል። ግሪን ካርድ ያላት ወይም በተማሪ ቪዛ ያለች ከሆነ ማንኛውንም የጥፋተኝነት ቃል ከመስጠቷ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ታናግር። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2010 በፓዲላ ጉዳይ እንደወሰነው የወንጀል ተከላካይ ጠበቃ ቃሏ በመኖሪያ ፈቃዷ ላይ ስለሚያስከትለው ነገር ሊመክራት ግዴታ አለበት፤ ይህ እንዲሆን ግን ጠበቃው ሁኔታዋን ማወቅ አለበት፣ እርሷ ትንገረው።

የባለቤትዎ ፍርሃት መሠረት አለው ያልነው ለዚህ ነው። ብሩስ ቦይንተን የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ተማሪ ሳለ በዲሴምበር 1958 ሪችመንድ አውቶቡስ ጣቢያ ውስጥ ለነጮች በተለየው ምግብ ቤት ተቀምጦ ምግብ በማዘዙ ተያዘ፤ 10 ዶላር ተቀጣ። ጉዳዩ ተርጉድ ማርሻል ተከራክሮለት በ1960 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ረታ፤ በቀጣዩ ዓመት የነጻነት ተጓዦች የተባሉት፣ የዘር መለያየትን በጉዞ የተቃወሙ ነጮችና ጥቁሮች አውቶቡስ የተሳፈሩት ያንን ውሳኔ ይዘው ነው። ሆኖም አላባማ በዚያ እስር ሰበብ የጥብቅና ፈቃዱን ለዓመታት አዘገየችበት። በመጨረሻ ጠበቃ ሆኖ ረጅም ዘመን ሠርቷል። ዛሬ ያለው ሥርዓት ያን ያህል አይከፋም፤ ወረቀቷን አሟልታ የያዘች ልጅ የምትፈራበት ብዙ ምክንያት የለም።

ጥያቄ፦ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያውያን ተማሪዎች ማኅበር ገንዘብ ያዥ ነኝ። ከጥቁር ተማሪዎች ማኅበር ጋር ስለ ፖሊስ ፍተሻ ውይይት አዘጋጀን። አስተዳደሩ "ርእሱ አወዛጋቢ ስለሆነ" ብሎ ተጨማሪ የጥበቃ ክፍያ ጠየቀን። ይችላል? (ከፌርፋክስ)

መልስ፦ ክፍያ መጠየቅ ይችላል፤ በዚህ ምክንያት ግን አይችልም። በ1992 በፎርሳይት ካውንቲ ጉዳይ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የመንግሥት አካል ተቃዋሚ ሊመጣ ይችላል ብሎ ግምቱን በመናገር ዋጋ ላይ መጨመር እንደማይችል ወስኗል። በተሰብሳቢ ቁጥር፣ በአዳራሽ መጠን፣ በሰዓት፣ በር ላይ ገንዘብ በመሰብሰቡ ላይ የተመሠረተ፣ ለሁሉም ማኅበር እኩል የሚሠራ ተመን ግን ሕጋዊ ነው።

መጀመሪያ ተመኑን በጽሑፍ ጠይቅ። ቀጥሎ "የእኛ ክፍያ በየትኛው አንቀጽ እንደተሰላ ይገለጽልን" ብለህ ጻፍ። "አወዛጋቢ" የሚለው ቃል በኢሜይል ከመጣልህ አታጥፋው፤ በአፍ ከተነገረህ በዚያው ቀን አንተ በኢሜይል መልሰህ "እንዲህ ብለውናል" በልና ላክላቸው። ባለፈው ዓመት በዚያው አዳራሽ ተመሳሳይ ቁጥር ያለው ሰው የጠራ ሌላ ማኅበር ምን ያህል እንደከፈለም አጣራ። ይህ ንጽጽር ብዙ ጊዜ ክርክሩን እዚያው ይጨርሰዋል።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ለመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ነው። የግል ዩኒቨርሲቲን ሕገ መንግሥቱ በቀጥታ አያስገድደውም። እዚያ ያለህ መሣሪያ የተማሪዎች መመሪያ መጽሐፉ ነው፤ ስለ ነጻ ንግግር ቃል የገባበትን ገጽ ፈልገህ ጥቀስበት።

ጥያቄ፦ አንድ የላቦራቶሪ አስተማሪ ጥቁር ተማሪዎችን ለብቻ ያስቀምጣል፣ በአነጋገራቸው ያሾፋል። ሦስት ልጆች ወደ እኔ መጥተዋል፤ የማኅበሩ ምክትል ፕሬዚዳንት ነኝ። አንደኛው ስልኩን ደብቆ ሊቀዳው ይፈልጋል። የት ነው የምናመለክተው? (ከባልቲሞር)

መልስ፦ በመጀመሪያ ስልኩን አስቁም። ሜሪላንድ ውስጥ የግል ንግግርን ያለ ሁሉም ተናጋሪዎች ፈቃድ መቅዳት ወንጀል ነው። ካሊፎርኒያ፣ ፔንሲልቬኒያና ዋሽንግተን ስቴትም ተመሳሳይ ሕግ አላቸው፤ ቨርጂኒያ፣ ዲሲ፣ ጆርጂያና ቴክሳስ ውስጥ ከተነጋጋሪዎቹ የአንዱ ፈቃድ ይበቃል። የክፍል ንግግር የግል ነው ወይስ አይደለም የሚለው ለክርክር የሚመች ነገር ነው፤ ተበዳዩ ልጅ ተከሳሽ ሆኖ የሚገኝበትን ክርክር ግን መክፈት አያስፈልግም።

ሁለተኛ፣ ለሦስቱም ልጆች "የምትነግሩኝ በምሥጢር ይጠበቃል" ብለህ ቃል አትግባ። ከጠበቃ ጋር የሚደረግ ንግግር በሕግ የተጠበቀ ነው፤ ከማኅበር መሪ ጋር የሚደረግ ግን አይደለም። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ከደረሰ ማስታወሻህም የጽሑፍ መልእክትህም ሊጠራ ይችላል። ስለዚህ ግምትህንና ንዴትህን በጽሑፍ አታስቀምጥ፤ የሰማኸውን ብቻ ጻፍ። "በሕግ ያሸንፋል" ወይም "ይህን ፈርም" የሚል ምክርም ከአንተ አይውጣ። የአንተ ሥራ ወረቀቱን ማደራጀትና ሰዎቹን ወደ ጠበቃ ማድረስ ነው፤ ብዙ የሕግ ትምህርት ቤቶች በፕሮፌሰር ክትትል ተማሪዎች በነጻ የሚያገለግሉበት ክሊኒክ አላቸው።

ሦስተኛ፣ እያንዳንዱ ልጅ ለብቻው፣ በራሱ እጅ ይጻፍ። አብረው ተቀምጠው ከጻፉ የሦስቱ ቃል አንድ ዓይነት ይሆንና ሦስት ምስክር የነበረው አንድ ይሆናል። ቀንና ሰዓት፣ ቦታ፣ አስተማሪው የተናገረው ቃል እንደወረደ በትእምርተ ጥቅስ፣ ማን ማን እንደነበረ፣ ከዚያ በኋላ የሆነው፤ አምስቱም ይግቡ። "ዘረኛ ነው" የሚለው ፍርድ እንጂ ማስረጃ አይደለም። "በዚህ ቀን አምስት ጥቁር ተማሪዎችን ስም እየጠራ ወደ ኋላ ጠረጴዛ አዛወረ፤ ነጭ ተማሪ አላዛወረም" ግን ማስረጃ ነው። ኢሜይሎችን ፎቶ ከማንሣት ይልቅ ዋናውን አስቀምጡ፤ ፎቶ የተላከበትን ሰዓትና የላኪውን አድራሻ ይቆርጣል። ውጤታቸው ተነክቶ ከሆነ የራሳቸውን መዝገብ ማየት መብታቸው ነው፤ የፌዴራሉ ፌርፓ ሕግ ትምህርት ቤቱ በ45 ቀን ውስጥ እንዲያሳያቸው ያዛል።

ወደ ማመልከቻው እንምጣ። በ1964 የወጣው የሲቪል መብቶች ሕግ ታይትል ሲክስ የሚባለው ክፍል የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ትምህርት ቤት በዘር፣ በቀለምና በመጡበት አገር ምክንያት እንዳያዳላ ይከለክላል። በልጆቹ አነጋገር ማሾፍ "የመጡበት አገር" በሚለው ሥር ሊገባ ስለሚችል ቅሬታው ላይ ሁለቱንም ጥቀሱ፤ ዘር ብቻ ብላችሁ ከጀመራችሁ ሌላውን በኋላ መጨመር ያዳግታል። መጀመሪያ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ላለው የእኩልነት ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ አመልክቱ፤ የደረሰበትን ቀን የሚያሳይ ማረጋገጫ ያዙ። ለፌዴራሉ ትምህርት ሚኒስቴር የሲቪል መብቶች ቢሮ የሚቀርበው ቅሬታ ድርጊቱ ከተፈጸመበት የመጨረሻ ቀን ጀምሮ በ180 ቀን ውስጥ መግባት አለበት። ዩኒቨርሲቲው ውስጥ አመልክታችሁ ውሳኔ ከተሰጣችሁ ከዚያ በኋላ በ60 ቀን ውስጥ ማቅረብ ይቻላል። አብዛኛው ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው፤ "ዲኑ እያየው ነው" እየተባለ ሴሚስተሩ ያልቃል፣ በጋው ያልፋል፣ ስድስት ወሩ ይሞላል። ዛሬውኑ ቀን መቁጠሪያህ ላይ 150ኛውን ቀን ምልክት አድርግበት።

ቢሮው ፈጣን ነው ብለን አናታልህም። በማርች 2025 ከ12ቱ የአካባቢ ቢሮዎቹ 7ቱ እንዲዘጉ ተወስኖ ነበር። ቅሬታ የሚጻፍበት ዋናው ጥቅም ቀኑን ማስመዝገቡ ነው። በግል ወደ ፍርድ ቤት ሄዶ መክሰስም አለ፤ ግን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2001 በሳንዶቫል ጉዳይ ግለሰብ በታይትል ሲክስ ሊከስ የሚችለው ሆን ተብሎ የተደረገን መድልዎ ነው ብሏል፤ ውጤቱ አድሏዊ መሆኑን ማሳየት ብቻ አይበቃም። የቃላቱ ትክክለኛ ቅጂ ያን ያህል የከበደብን በዚህ ምክንያት ነው፤ ሆን ብሎ መሆኑን የሚያሳየው የሰውየው አንደበት ነው። ካመለከቱ በኋላ ውጤታቸው ቢቀነስ ወይም ቢሸማቀቁ ይህ ራሱን የቻለ የብቀላ ጥሰት ነው፤ ለብቻው ቀን ይያዝለት።

ጥያቄ፦ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2023 ዘርን በመግቢያ መመዘን ከከለከለ ወዲህ ስለ ጥቁርነቴ በማመልከቻ ጽሑፌ ብጽፍ ይጎዳኛል? (ከዳላስ)

መልስ፦ አይጎዳህም፤ ውሳኔውም አይከለክልህም። በጁን 29፣ 2023 በሃርቫርድና በኖርዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ጉዳይ የተሰጠው ፍርድ ትምህርት ቤቱ ለዘርህ ነጥብ እንዳይሰጥ ከለከለ እንጂ፣ ዘርህ ሕይወትህን እንዴት እንደነካው አንተ ብትጽፍ ያንን ማንበብ እንደሚችል ዋና ዳኛ ሮበርትስ ራሳቸው በጽሑፍ አስቀምጠዋል። ቅድመ ሁኔታው ጽሑፉ አንተ በግልህ ካሳየኸው ድፍረት፣ አመራር ወይም ችሎታ ጋር መያያዙ ነው።

በእኛ ልጆች ጽሑፍ ላይ ደጋግመን የምናየው ችግር ሌላ ነው፤ የአባትና የእናት ታሪክ ገጹን ይጨርሰዋል። የሚፈቀድልህ ብዙውን ጊዜ ሁለት ገጽ ነው። አንደኛው ገጽ ሱዳን ድንበር ላይ ካለቀ አመልካቹ በሁለተኛው ገጽ መጨረሻ ላይ ብቅ ይላል። ለወላጆችህ ሦስት ዓረፍተ ነገር ስጥ፤ ቀሪውን አንተ ውሳኔ በወሰንክበት አንድ ቀን ጀምረው። "ማኅበሩን በብቃት መርቻለሁ" ከማለት የበጀቱን መጠን፣ የተቃወሙህን ሰዎች ክርክር፣ ያንተን መልስ፣ የተለወጠውን ደንብ ጻፍ። ያልተሳካልህንም ጻፍ፤ አንባቢው የሚያምንህ እዚያ ላይ ነው። የፍርድ ቤት ጉዳይ መጥቀስ አያስፈልግም። የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፉልህን መምህራን ቢያንስ ከስድስት ሳምንት በፊት ጠይቅ፤ እነርሱ ያረሙልህን አንድ ጽሑፍ ቅጂ አብረህ ስጣቸው። ስምህን ከማያስታውስ ታዋቂ ፕሮፌሰር ይልቅ ረቂቅህን ሦስት ጊዜ ያነበበ ወጣት መምህር ይበልጣል።

ጥያቄ፦ የልጄ የተማሪዎች ማኅበር ስለ ሙሉጌታ ሥራው መታሰቢያ ሊያዘጋጅ ነው። በፖርትላንድ የሆነውን እኛ ወላጆች እናስታውሳለን፤ ልጆቹ ግን የሕጉን ጎን ይጠይቁናል። ባጭሩ ብታስረዱን። (ከሲያትል)

መልስ፦ ስለጠየቁን እናመሰግናለን፤ ይህን ጉዳይ እያንዳንዱ ሕግ ሊያጠና ያሰበ ኢትዮጵያዊ ልጅ ሊያውቀው ይገባል እንላለን።

ሙሉጌታ ሥራው ለትምህርት አሜሪካ የመጣ የ28 ዓመት ወጣት ነበር። በኖቬምበር 13፣ 1988 ሌሊት ፖርትላንድ ውስጥ ሦስት ራስ ተላጭ ነጭ ዘረኞች በቤዝቦል ዱላ ደብድበው ገደሉት። ወንጀሉን ዐቃቤ ሕግ ያዘው፤ ሦስቱም ጥፋታቸውን አምነው ተፈረደባቸው። ነገሩ እዚህ ሊቆም ይችል ነበር።

አጎቱ እንግዳው ብርሃኑ የሟቹ ውርስ ወኪል ሆኖ የፍትሐ ብሔር ክስ መሠረተ። ጠበቆቹ ሳውዘርን ፖቨርቲ ሎው ሴንተርና አንቲ ዲፋሜሽን ሊግ ከተባሉት ዘረኝነትን የሚታገሉ ድርጅቶች ነበሩ፤ የችሎቱን ክርክር የመራው ሞሪስ ዲስ ነው። ክሱ ገዳዮቹን ብቻ ሳይሆን በካሊፎርኒያ ተቀምጦ ነጭ ዘረኛ ድርጅት የሚመራውን ቶም ሜትዝገርን፣ ልጁን ጆንንና ድርጅቱን ጭምር ያካተተ ነበር። ሜትዝገር በግድያው ሌሊት ፖርትላንድ አልነበረም። የከሳሾቹ መከራከሪያ አንድ ሰው በወኪሉ በኩል ለሚያስከትለው ጉዳት ይጠየቃል የሚል ነበር፦ ድርጅቱ ዴቭ ማዜላ የተባለውን ወጣት ራስ ተላጮቹን እንዲያደራጅና ለጥቃት እንዲያነሣሣ ወደ ፖርትላንድ ልኳል። ማዜላ ራሱ ቀርቦ መሰከረ። በኦክቶበር 1990 ዳኝነት የተቀመጡት ዜጎች 12.5 ሚሊዮን ዶላር ፈረዱ።

ለልጆቹ ሦስት ነጥብ ያስረዷቸው። በወንጀል ችሎት ጥፋተኝነት ከምክንያታዊ ጥርጣሬ በላይ መረጋገጥ አለበት፤ በፍትሐ ብሔር ግን ሚዛኑ ወደ ከሳሽ ማዘንበሉ ይበቃል፤ ዐቃቤ ሕግ ሊደርስበት ያልቻለውን ሰው ቤተሰብ ሊደርስበት የቻለው በዚህ በር ነው። ሁለተኛ፣ ጥላቻ መስበክ ብቻውን በአሜሪካ ሕገ መንግሥት የተጠበቀ ንግግር ስለሆነ፣ ክሱ ያረፈው በስብከቱ ላይ ሳይሆን በተላከው ሰውና በሠራው ሥራ ላይ ነው። ሦስተኛ፣ ከተፈረደው ገንዘብ በእጅ የገባው ጥቂቱ ነው፤ ሜትዝገር ግን ቤቱን አጣ፣ ድርጅቱም ተዳከመ። የፍርድ መጠንና የተሰበሰበ ገንዘብ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

በ2018፣ በሠላሳኛው ዓመት፣ ሙሉጌታ በወደቀበት አካባቢ ባሉ የጎዳና ምልክቶች ላይ ስሙ በእንግሊዝኛና በአማርኛ ተጽፎ ተሰቅሏል። ከሲያትል ሩቅ ስላልሆነ ማኅበሩ ልጆቹን ይዞ ቢሄድ ጥሩ ነው።

ጥያቄ፦ ግሪን ካርድ እንጂ ዜግነት የለኝም። ጠበቃ መሆን እችላለሁ? ገንዘቡንስ ከየት አመጣለሁ? (ከሚኒያፖሊስ)

መልስ፦ ትችላለህ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1973 በግሪፊትስ ጉዳይ ስቴቶች ጥብቅናን ለዜጎች ብቻ ማድረግ እንደማይችሉ ወስኗል።

ገንዘቡን በሚመለከት በግሪን ካርድ የፌዴራል የትምህርት ብድር ይፈቀድልሃል። ሆኖም ሕጉ ተለውጧል፦ ከጁላይ 1፣ 2026 ወዲህ ለአዲስ ተበዳሪዎች ግራድ ፕላስ የተባለው ብድር የለም፤ ሕግ የሚያጠና ሰው በዓመት እስከ 50,000፣ በጠቅላላው እስከ 200,000 ዶላር ነው የሚያገኘው። ውድ ትምህርት ቤት ውስጥ ይህ ከወጪው ያንሳል፤ ስለዚህ ስኮላርሺፑ ከትምህርት ቤቱ ስም እኩል ይታይ። ስኮላርሺፕ ሲሰጡህ "ውጤት ካነሰ ይቋረጣል" የሚል ቃል እንዳለበት አንብብ። የአንደኛ ዓመት ውጤት ከክፍል ጓደኞችህ ጋር እየተነጻጸረ ስለሚሰጥ "ቢ ፕላስ ጠብቅ" የሚለው ቀላል የሚመስል ቅድመ ሁኔታ ብዙዎችን ጥሏል። እያንዳንዱ እውቅና ያለው ትምህርት ቤት ስንት ተማሪ በዚህ ምክንያት ስኮላርሺፕ እንደተቀነሰበት ወይም እንደተነጠቀበት በየዓመቱ የማውጣት ግዴታ አለበት፤ "509" የሚባለውን ሪፖርት ከገጻቸው አውርድ። በዚያው ጎን የተመራቂዎችን የሥራ ሪፖርት ክፈትና "ሙሉ ጊዜ፣ የረጅም ጊዜ፣ የጥብቅና ፈቃድ የሚጠይቅ" የሚለውን መስመር ብቻ ተመልከት።

ከተመረቅህ በኋላ በመንግሥት ወይም ለትርፍ ባልቆመ ድርጅት በሙሉ ጊዜ እየሠራህ 120 ወርኃዊ ክፍያ ከከፈልክ ቀሪው የፌዴራል ብድር የሚሰረዝበት አሠራር አለ። የአሠሪህን ማረጋገጫ ቅጽ በየዓመቱ አስሞላ፤ አሥር ዓመት ጠብቀህ የተዘጋ ድርጅት ፊርማ አትፈልግ። ሁለት ትምህርት ቤት ተቀብሎህ አንዱ የተሻለ ገንዘብ ከሰጠህ የዚያን ደብዳቤ ቅጂ አያይዘህ ለሌላው በጨዋ ኢሜይል ጻፍ፤ የመጀመሪያው የመቀመጫ ማስያዣ ቀን ከመድረሱ በፊት።